የትኛው ፕላቶ?

በዚህ እትም ከካምፕ ወጣ ብለን ከተማ ይዘናችሁ እንገባለን። የምንሄደው ፕላቶ ዱ ሰርፓን ወደሚባለው የጅቡቲ ከተማ ሰፈር ነው። ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። የሄድነው ለቀጠሮ ነው፣ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ።

የመጀመሪያውን እናስቀድም። ከመካከላችን ያሉ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ለጉዳያቸው ከተማ ተጠርተው ነበር። ስማቸውን አንጽፍም፤ እዚህ ላይ «እትዬ» ብለናቸው እንለፍ። መልእክቱ የደረሳቸው በወረቀት ሳይሆን በሰው አፍ ነው። «ስልክ ብንደውልልዎት አያነሱም» ተብለውም ተወቅሰዋል። እኛ የምናውቀው ግን የእትዬ ስልክ ቀንም ሌሊትም ከጉያቸው እንደማይለይ ነው። ብቻ የሆነው ሆኖ «ፕላቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት» ተባሉ። በማግሥቱ ከአሊ አዴ ተነስተው ከተማ ገቡ፣ ልጆቹን ምሳ አበሉ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ አስቁመው «ፕላቶ» አሉ። ባለታክሲውም ፕላቶ አደረሳቸው፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

የደረሱበት ግን ፕላቶ ዱ ኤሮን ነበር። አንድ ዘበኛ የቢሮውን ስም ሲነግሩት ሳቀና «ይሄ እዚህ አይደለም፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ነው» አላቸው። ገንዘብ አልተረፋቸውም። በዚያ ፀሐይ ትልቁን ልጅ እየጎተቱ ትንሹን አዝለው በእግራቸው ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ፤ በሩ ግን ተዘግቷል። ለካ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዘጠኝ የፈረንጅ ዘጠኝ ነው፣ የእኛ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ጅቡቲ ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ቢሮ የሚባለው ነገር የጠዋት ነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱም፣ ከኢትዮጵያ የገባው ጫትም ከተማውን ጸጥ ያደርገዋል። እትዬ ሌላ ቀጠሮ እስኪያገኙ አራት ወር ጠበቁ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? መልእክተኛው ዘጠኝ ያለው ዘጠኝ ስለተጻፈ ነው። ባለታክሲው ፕላቶ ሲባል ፕላቶ አደረሰ። እትዬም የሰሙትን ነው የተናገሩት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የጎደለው።

ስለዚህ ሁለተኛው ቀጠሮ ሲመጣ እኛም አብረን ተነሳን። ሦስት ነበርን፣ ከእትዬና ከልጆቹ ጋር ስድስት። ወረቀቱን ቀድመን ተቀብለን አንብበነዋል። ሰፈሩ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ተለይቶ ተጽፏል።

በሌሊት ወጥተን አሊ ሳቢህን አለፍንና ግራን ባራ ላይ ነጋልን። ለማታውቁት፣ ግራን ባራ ማለት ዓይን እስኪሰለች የተዘረጋ ነጭ የደረቀ ሐይቅ ወለል ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፕቲ ባራ ይመጣል። ሁለቱም ባራ ናቸው፤ አንዱ ትልቁ፣ አንዱ ትንሹ። ስም ያወጡላቸው ሰዎች ቢያንስ እዚህ ላይ ብልህ ነበሩ፤ ስሙን ለሁለት ካካፈሉ በኋላ ምልክት አድርገውበታል። እኛስ በካምፓችን ሁለት አበበ ሲኖሩን «ረጅሙ አበበ»፣ «ጥቁሩ አበበ» እንል የለ?

ወደ ከተማው ስንጠጋ መኪናው ፔካ ዱዝ ላይ ቆመ። የኢትዮጵያ ሾፌሮች በደንብ የሚያውቁት ቦታ ነው፤ ስሙም ከኪሎ ሜትር ቁጥር የመጣ ነው፣ አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ማለት። እንዲህ ያለ ስም ፈረንሳይ በገዛችው ሌላ አገርም አለ። በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በባንጊም ፔካ ዱዝ የሚባል ሰፈር አለ። ወሬ ስትሰሙ «ፔካ ዱዝ ላይ ተኩስ ተሰማ» ከተባለ፣ ከመደንገጣችሁ በፊት የቱ አገር እንደሆነ ጠይቁ። እኛም ብንሆን በኪሎ ስንሰይም ኖረናል። «አራት ኪሎ» ሲባል የአዲስ አበባ ልጅ ቤተ መንግሥቱና ዩኒቨርሲቲው ይመጣለታል፤ ራሽን ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ዱቄቱን ነው የሚያስበው።

ከባልባላ አልፈን መሐል ከተማ ስንደርስ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም ነበር። እኛ ምኒልክ አደባባይ ወረድን። ይህንን አደባባይ በመንግሥት ወረቀት ብትፈልጉት ሌላ ስም ነው ያለው፤ የነፃነት ቀናቸውን ይዞ «የ27 ጁን 1977 አደባባይ» ይባላል። ሰው ግን አሁንም ምኒልክ ይለዋል። አዲስ አበባ ላይ ምኒልክ ስትሉ አደባባይ አለ፣ ሆስፒታል አለ፣ ትምህርት ቤት አለ። አንዱ ከኛ ጋር የነበረ «ምኒልክ ነው የተወለድኩት፣ ምኒልክ ተማርኩ፣ አሁን ደግሞ ምኒልክ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነው» ብሎ አሳቀን። የተወለደበት ሆስፒታሉ፣ የተማረበት ትምህርት ቤቱ፣ ሻዩ ደግሞ ጅቡቲ ነው።

ጅቡቲ የሚለውም ስም ራሱ እንዲሁ ነው። ድሬዳዋ ያለ ዘመድ ደውሎ «የት ነህ?» ሲለን «ጅቡቲ» እንላለን። እሱ ታዲያ የሚታየው ባሕርና መርከብ ነው፣ ገንዘብም ይታየዋል። አሊ አዴ ካለው ድንጋይና ድንኳን ጋር ምን አገናኘው? አገሩም ጅቡቲ ነው፣ ከተማውም ጅቡቲ ነው፣ ከከተማው ውስጥ ደግሞ አንዱ ከፍታ ፕላቶ ደ ጅቡቲ ይባላል። አገሩ ይህን ስም ያገኘው መጨረሻ ላይ ነው። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ፣ ከዚያ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት ይባል ነበር። ጅቡቲ ግን ያኔም የከተማው ስም ነበር። ስለዚህ አንድ የቆየ ሰነድ «ጅቡቲ» ካለ ከተማዋን ነው፤ የዛሬ ሰነድ ካለ አገሩም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ፕላቶዎቹ። ይህ ከተማ የቆመው በባሕር ዳር ባሉ ጠፍጣፋ የኮራል ድንጋይ ከፍታዎች ላይ ነው። ፈረንሳዮች በ1880ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከኦቦክ ወደዚህ ሲሻገሩ፣ ባሕሩ ሲሞላ ውሃ የሚከባቸው፣ ሲጎድል ጭቃ የሚለያቸው ቦታዎች ነበሩ። ከዚያ ድንጋይና አፈር እየተደፋ ተያያዙ። ለእያንዳንዱም ስም ወጣለት፣ ጅቡቲ፣ ሰርፓን፣ ማራቡ፣ ኤሮን። የመጀመሪያው ቃላቸው ግን ሁሉም ፕላቶ ነው።

ከኛ መሐል ፈረንሳይኛ የሚሞክረው ልጅ እየተረጎመልን ሄደ። ፕላቶ ማለት ደልዳላ ከፍታ ነው፣ ሻይ የሚቀርብበት ትሪም ፕላቶ ይባላል። ሰርፓን እባብ ነው። «እንግዲህ የእባብ ትሪ ልትሉትም ትችላላችሁ» አለ። ትንሹ የእትዬ ልጅ ከዚያ በኋላ መሬት መሬቱን እያየ ነው የሄደው። እባብ አላየንም።

ኤሮን ደግሞ ረጅም አንገት ያለው፣ ውሃ ዳር ቆሞ ዓሣ የሚጠብቅ ወፍ ነው። ከሁሉ ያስገረመን ግን ማራቡ ነው። በፈረንሳይኛ ማራቡ ማለት የእስልምና ቅዱስ ሰው፣ ሼህ ወይም ወሊ ነው። መቃብሩም በዚሁ ስም ይጠራል። ደግሞም ማራቡ ማለት እኛ አባ ኮዳ የምንለው፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ አስጋሪዎቹን ከቦ የሚቆመው ያ መላጣ ትልቅ ወፍ ነው። አያችሁልኝ? እነሱ ወፉን በሼሁ ስም ጠሩት፣ እኛ ደግሞ ለዚያው ወፍ «አባ» ብለን የቄስ ማዕረግ ሰጠነው። ሳንመካከር አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰናል። ወፉ እንደዚያ አንገቱን ሰብሮ ዝም ብሎ ሲቆም ያየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

ፕላቶ የሚባል ሰፈር ደግሞ ጅቡቲ ብቻ አይደለም ያለው። ዳካር አለ፣ አቢጃንም አለ፤ ሁለቱም ላይ መሐል ከተማው ነው። ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥም አንድ ታዋቂ ፕላቶ አለ። ስለዚህ ወደፊት ዕድል ቀንቶት ወደዚያ የሚሄድ ወገናችን «ፕላቶ ነው የምኖረው» ብሎ ቢጽፍልን እንዳትሳሳቱ፣ ከእኛ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ አይደለም ያለው።

ፕላቶ ዱ ሰርፓን ራሱ ከመሐል ከተማው ወደ ሰሜን ነው፣ በእግር ይደረሳል። እየቀረባችሁ ስትሄዱ የገበያው ጫጫታ ይቀንሳል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ ዛፍ ይበዛል። ግንባቸው የተላጠ፣ ሰፊ በረንዳ ያላቸው የቆዩ ቤቶች አሉ፤ ከነሱ አጠገብ አዳዲስ ቪላዎች፣ መሥሪያ ቤቶች። የአሜሪካ ኤምባሲም ድሮ እዚሁ ነበረ፤ በኋላ ሃራሙስ ወደሚባለው ቦታ ተዛውሯል። ዋናው መንገድ በፈረንሳዊው የጦር መሪ በዦፍር ስም ቡልቫር ማሬሻል ዦፍር ይባላል። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ነፋስ አለ፣ ጨው ጨው ይሸታል። ከአሊ አዴ አቧራ ለመጣ ሰው ይህችም ትልቅ ነገር ናት። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ነፋሱን ይጠጡት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ሰፈር እኛን ያቆመን ነገር ቢኖር ግን አሮጌው ባቡር ጣቢያ ነው። ከአንባብያን መሐል ዕድሜያችሁ ገፋ ያላችሁ፣ በዚህ ባቡር የመጣችሁ፣ ኮንትሮባንድ የጫናችሁበት (አንደብቅም)፣ ሰው የሸኛችሁበት ትኖራላችሁ። አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግና ለሸፍኔ ፈቃዱን የሰጡት በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1897 ተጀመረ፣ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር። ሆልሆል ያላችሁ ወገኖቻችን በየቀኑ የምታዩት ያ የብረት ድልድይ የዚሁ መስመር ነው።

ጣቢያውን ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ይሉታል፣ ጣቢያ ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ያ ቃል ሐዲዱን ተከትሎ ወጣና ድሬዳዋ ላይ ለገሃር ሆነ፣ አዲስ አበባም ላይ ለገሃር ሆነ። እኛ ለገሃር ስንል ያደግነው የሰፈር ስም መስሎን ነው። አንዳንዱ ሰው እንዲያውም ከለገጣፎና ከለገዳዲ ጋር አንድ ወገን ያደርገዋል። እነዚያ ግን ኦሮምኛ ናቸው፤ ለገ ማለት ወንዝ ነው። ለገሃር ወንዝ የለውም፣ ሐዲድ ነው ያለው። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች ናቸው በአንድ «ለገ» ላይ የተገናኙት። አንዱ ከኛ ጋር የነበሩ የድሬዳዋ ሰው አጥሩን ይዘው ቆሙና «ይሄ ነው እንግዲህ ዋናው ለገሃር» አሉ። ዝገት የበላው ብረት ብቻ ነው የሚታየው። እሳቸው ግን ከዚያ ለመንቀሳቀስ ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኛም አላጣደፍናቸውም።

ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ታክሲ ይዛችሁ «ላ ጋር» ብትሉ ሾፌሩ ሊጠይቃችሁ ይገባል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ሌላ ቦታ ነው፣ ናጋድ ይባላል፤ የተመረቀው በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ነው። ናጋድ የሚለውን ስም ደግሞ ብዙዎቻችን ከባቡሩ በፊት ነው የምናውቀው። ወረቀት የሌለው ስደተኛ ተይዞ የሚቆይበት ቦታ ያለው እዚያው ናጋድ ነው። ነጋዴው «ናጋድ ሄድኩ» ሲል ባቡር ሊሳፈር ነው፤ እኛ ሰፈር ያለች እናት «ልጄ ናጋድ ነው» ካለች ግን ጎረቤት ተሰብስቦ ያጽናናታል። አንድ ስም ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ቢሮው በር ላይ ደረስን። ብዙ ሰው ነበር፣ ከካምፖቹም ከከተማውም። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ጸሐፊዋ ወጥታ ስም ጠራች፣ ከነአባት። እትዬ «አቤት» ብለው ተነሱ። ከወዲያኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ደግሞ አንዲት ወጣት ሴት «አቤት» ብላ ተነሳች።

ሁለቱም ቆመው ተያዩ። ጸሐፊዋም ወረቀቷን አየች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ካስፈለገ የአያቱ ስም፤ አለቀ። የፈረንሳዮቹ ፎርም ግን «ኖም» እና «ፕሬኖም» ብሎ ሁለት ሳጥን ያቀርባል። የቤተሰብ ስም በሚሞላበት ሳጥን አንዱ ጸሐፊ የአባትን ስም ይጽፋል፣ ሌላው የራስን። አያት ቦታ ስለሌለው ይቀራል። ፊደሉም ሌላ ጣጣ ነው። ፀሐይ የምትባል ልጅ በአንድ ካርድ ላይ በ«ቴ» ትጀምራለች፣ በሌላው በ«ኤስ»፣ ኮምፒውተሩም ሁለት ሰው ያደርጋታል። በራሳችን ፊደል እንኳ ኃይሉን በሦስት «ሀ» እንጽፈዋለን። ልደትም እንደዚሁ ነው። ሴፕቴምበር ማለት መስከረም ነው ብሎ የሚያስተረጉም ሰው መስከረም 12 የተወለደውን ልጅ ሴፕቴምበር 12 ያደርገዋል፣ ትክክለኛው ግን 22 ነው። አሥር ቀን ትንሽ ይመስላል። ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲታይ ግን «የቱ ነው እውነቱ?» ያስብላል፤ ያኔ የሚጠረጠረው ጸሐፊው አይደለም፣ እኛ ነን።

ጸሐፊዋ ብልህ ሰው ናት፤ አልተቆጣችም። «የአያት ስም?» ብላ ጠየቀች። እዚያ ላይ ተለያዩ። ቁጥራቸውም ሲታይ ሁለት የተለያየ ፋይል ነው። የተጠሩት እትዬ ነበሩ። የወጣቷ ተራ በኋላ ነው። ነገሩ እዚያ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ግን ወጣቷ ከሆልሆል የመጣች መሆኗን ሰምተን ወሬ ጀመርን። እሷም እንዲህ አለችን፣ «ኧረ እኔ ስንት ጊዜ ነው የተደወለልኝ! ሁለቱን ልጆችሽን ይዘሽ ነይ ይሉኛል። እኔ ልጅ የለኝም። ተሳስታችኋል ብዬ ዘጋሁባቸው። በኋላማ ማንሳቱንም ተውኩት።»

እትዬ ይህን ሲሰሙ ቁጭ አሉ። ለካ «አያነሱም» ሲባሉ የነበረው በሆልሆሏ ልጅ ስልክ ነው። የእትዬ ፋይል ላይ የተመዘገበው ቁጥር የሷ ነበር። እኛም ገብተን ለጸሐፊዋ ነገርናት፣ ሁለቱም ስልካቸውን አወጡ፣ ቁጥሩ ተነጻጸረ፣ እዚያው ተስተካከለ። ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀም። እትዬ ከአንድ ዓመት በላይ ነው ጥሪ ሲጠብቁ የኖሩት።

ለአንባብያን አንድ ነገር አደራ እንላለን። ቢሮ ስትሄዱ ስማችሁን እስከ አያት ይዛችሁ ሂዱ፣ የፋይል ቁጥራችሁን በቃል አጥኑት፣ «የተመዘገበው ስልኬ ስንት ነው? ያንብቡልኝ» በሉ። ቀጠሮ በአፍ ከመጣላችሁ ደግሞ የትኛው ፕላቶ፣ የትኛው ዘጠኝ፣ የማን አገር ወር ብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። ለጎረቤት የምታደርሱት ከሆነም እንዲሁ።

ቃለ መጠይቁ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ውጤቱን ወደፊት ይነግሯቸዋል፣ አሁን በትክክለኛው ስልክ። ስንወጣ ወጣቷም ጉዳይዋን ጨርሳ ነበርና አብረን ወደ ምኒልክ አደባባይ ተመለስን። ሻይ አዘዝን፤ በትሪ መጣ፣ ፈረንሳይኛ አዋቂያችንም «ፕላቶ መጣ» አለ። እትዬ ልጅቷን እስከዚያ ድረስ «ልጄ» ነበር የሚሏት፣ እሷም «እትዬ» ትላቸው ነበር። ሻዩ ላይ ተቀየረ። ሁለቱም «ሞክሼ» ተባባሉ። የሻዩን ሒሳብ «ሞክሼ ሆይ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው» «የለም፣ ሞክሼ፣ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» እየተባባሉ ሲከራከሩ አስተናጋጁ ግራ ገብቶት ቆሞ ነበር።

ከመለያየታችን በፊት ቁጥር ተለዋወጡ። እትዬ ማንበብ ስለማይችሉ ትልቁ ልጃቸው ነው የመዘገበላቸው። የራሷን ስም ሊጽፍ ጀመረና «እማ፣ ይሄ እኮ ያንቺ ስም ነው» ብሎ አቆመ። ትንሽ አሰበና «ሞክሼ ሆልሆል» ብሎ ጻፈው።